የሐሊማ ቤት የምሥራቅ ግድግዳ

ከመተማ ወደ ገንዳ ውሃ በሚያስወጣው መንገድ፣ ከገበያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ በጣሊያን ጊዜ አንድ ረጅም ነጭ ቤት ነበር። የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ያኔ ግን ከቋራም ሆነ ከአርማጭሆ፣ ከወሰን ማዶም ሳይቀር ሰው ታሞ ሲመጣ «ወዴት እናድርሰው» ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። «የሐሊማ ቤት ውሰዱት» ነበር የምንለው። ያን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። ዱሮ ይህን ስናገር ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ቤቱ ሁሉ አይደለም፤ ስለ አንዱ ግድግዳ ነው። ከዚያ ግድግዳ በፊት የነበርኩትና ከዚያ በኋላ የሆንኩት ሰው አንድ አይደለንምና።

ስሜ ታከለ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጭልጋ ሲሆን ግንበኝነት ያስተማረኝ የእናቴ ወንድም ነው። በደጋ ያን ጊዜ የእጅ ሙያ ያለው ሰው እምብዛም አይከበርም፤ ቆላ ሲወርድ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስተካክሎ የሚያቆም ሰው ብርቅ ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቴ መተማ ወረድኩ። እዚያ ካወቁኝ ሰዎች ሁሉ ቀድመው እጃቸውን የዘረጉልኝ ሐጂ ነስሩ የሚባሉ የሙጫ ነጋዴ ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየሳሉ የሚያስቡ ሰው።

ጣሊያን አገር በያዘ ጊዜ ከደጋ ብዙ ሰው ወደ ሱዳን ለመሻገር ወደ መተማ ጎርፎ ነበር። ክረምቱ ያዘው። ቆላን የማያውቅ ሰው ንዳድ ጣለው፤ በየባምባው ዛፍ ሥር እናት ከነልጇ ተኝታ ትንቀጠቀጥ ነበር። የሐጂ ሚስት ሐሊማ ከጧት እስከ ማታ አጥሚትና ውሃ ስታመላልስ ሰነበተች። በመጨረሻ እርሷንም ንዳዱ ያዛት። ሐጂ በግመል ጭነው ሐኪም ወዳለበት ወደ ገዳሪፍ ሲገሠግሡ መንገድ ላይ በእጃቸው አለፈች።

ቀብረዋት በተመለሱ በሳምንቱ አስጠሩኝ።

«ታከለ፣ ቤት ሥራልኝ» አሉ።

«ምን ዓይነት ቤት ሐጂ?»

«ሐሊማ ብትኖር በሽተኞቿን የምታስተኛበት።»

ስፍራው ላይ ወስደው በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ አሳዩኝ። በምዕራብ በኩል ወንዶች፣ በምሥራቅ በኩል ሴቶች፣ መካከሉ ላይ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል። ወረቀትም፣ የረቀቀ መለኪያም አልነበረንም። ቤቱ የተወጠነው ሚስቱ በሞተችበት ሰው እርምጃ ነው።

እንዴት ያለ ቤት እንደነበረ ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ድንጋዩን ከጓንግ ወንዝ ዳር በግመል አመጣነው፤ ቀላ ያለ፣ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮህ ድንጋይ ነበር። ኖራው ከገዳሪፍ መጣ። ለበሮቹ ሳንቃ የሚሆን የዋንዛ እንጨት ከጭልጋ አስወረድኩ። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ውፍረት ነበረው። የቆላ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲደበድበው ውሎ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይመሽበታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ እንዳይጋግር ከሥሩ በተጠለፈ ሽመል፣ በቆላ ቀርከሃ፣ ኮርኒስ ሠራሁለት፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ ንፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተውኩ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ቤቱ ውስጡን ያንጎራጉር ነበር። በሽተኞቹ ያን ድምፅ ሰምተው ነው ቀኑ መብረዱን የሚያውቁት። ዙሪያውን በረንዳ ነበረው፤ በረንዳው ላይ ሱዳኖች ዚር የሚሉት ትልልቅ የሸክላ ጋን ተደርድሮ ውሃው እንደ ደጋ ምንጭ ይቀዘቅዝ ነበር። ከመካከለኛው ክፍል ወደ ሁለቱም ወገን የሚያሳልፉት በሮች ላያቸው እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ ቅስት ነበሩ። ቅስት ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻዋን ድንጋይ አስገብቼ ከሥር የደገፍኩትን እንጨት ስነቅል፣ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ነበር።

የቆላ ግንብ ትልቁ ጠላት ግን ፀሐይ አይደለም። ዋልካ ነው። ዋልካ የምንለው ጥቁሩን አፈር ነው። ሰሊጥና ማሽላ ይወዱታል፤ ግንብ ይፈራዋል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጥቅምት ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ነገር ላይ የቆመ ግንብ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ግንበኛ ዋልካውን ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን ዓለት ማግኘት አለበት።

በሦስቱ በኩል ዓለት አገኘሁ። በምሥራቅ በኩል ግን፣ በሴቶቹ ክፍል ጫፍ፣ ዓለቱ ሸሸኝ። ቁመቴን ያህል ቆፈርን፤ ጥቁር አፈር። ግንቦት ተጋመሰ። ቆፋሪዎቹ ዝናብ ሳይቀድማቸው እርሻቸውን ሊያዘጋጁ ሄዱ። እኔም ልቤ ጭልጋ ነበር። የሺ የምትባል ልጅ ታጭታልኝ፣ ሠርጋችን የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ዝናቡ ከጀመረ ወንዙ ይሞላል፤ ሠርጉ ካመለጠኝ ደግሞ እስከ ዓመት መጠበቅ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻዬን ቆሜ አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩ። በማግስቱ ፍርስራሽ ድንጋይና ጭቃ ሞልቼ፣ ከላይ ጥሩ ጥሩውን ድንጋይ ደርድሬ ዘጋሁት።

ሐጂ መጥተው፣ «ዓለቱን አገኘኸው?» አሉኝ።

«አገኘሁት ሐጂ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

ውሸቱ ያን ያህል አጭር ነበር። አግብቼ፣ የሺን ይዤ ወረድኩ። ቤቱ ተከፈተ። አንድ ሱዳናዊ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ተቀጠረ፤ ሰው ሁሉ ሐኪም ነበር የሚለው። ሴቶቹን የሚጠብቁ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት መጡ። ቁመታቸው አጭር፣ አፋቸው ቁጡ፣ እጃቸው ግን ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው እጅ ለስላሳ። አንድ የጣሊያን ሹም ቤቱን ግምጃ ቤት ሊያደርገው መጥቶ ነበር። እማሆይ በሩ ላይ ቆመው በአስተርጓሚ፣ «ንዳድ ያለባቸው ናቸው፤ ይግባና ይያቸው» አሉ። ሹሙ ሳይገባ ተመለሰ።

በመጀመሪያው ጥቅምት የምሥራቁ ግድግዳ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አየሁ። ማንም ሳያይ በኖራ ደፈንኩት። በሁለተኛው ጥቅምት ጣት ያስገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ኖራና ብሩሽ ይዤ እየመጣሁ ደፍኜ፣ ቤቱን በሙሉ ነጭ ቀብቼ እመለሳለሁ። ስንጥቁን ለመሸፈን ቤቱን ሁሉ እቀባ ነበር። ሰው ግን፣ «ታከለ እንዴት ያለ የተባረከ ነው፣ የሠራውን አይረሳም» ይለኝ ጀመር። ምርቃት የተቀበልኩበት ኃጢአት ያ ብቻ ነው።

ጣሊያንና እንግሊዝ በተዋጉበት ዓመት፣ ሰኔ ሲያልቅ፣ ጣሊያን ወሰኑን ተሻግሮ ከመተማ ፊት ለፊት ያለችውን ጋላባትን ከእንግሊዝ እጅ ያዘ። ሱዳናዊው ሐኪም ከዚያ በፊት ወዳገሩ ገብቶ ቀርቷል። ጥቅምት ሲያልቅ እንግሊዝ ብዙ ጦር ይዞ ከማዶ መቅረቡ ተወራ። ከተማው ወደ ገንዳ ውሃ መሸሽ ጀመረ። መራመድ የሚችል በሽተኛም ሄደ። የቀሩት መነሳት የማይችሉት ናቸው፤ አራት ወንዶችና ዘጠኝ ሴቶች።

የመድኃኔዓለም ዋዜማ ጧት ኖራዬን ይዤ ሄድኩ። ጦር መጣም አልመጣም ስንጥቁ መደፈን ነበረበት። ከውጭ በኩል ዞሬ ግድግዳውን አየሁት። ስንጥቁ ከመሬት ተነስቶ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ጣሪያው ሥር ደርሷል። እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩት። በወዲያኛው በኩል የአንዲት ሴት ነጠላ ጥለት ታየኝ።

ወደ ውስጥ ስገባ ሐጂና እማሆይ አንድ በሽተኛ ወንድ ከነአልጋው ተሸክመው በቅስቱ ሲያልፉ ደረስኩ። አልጋው አንገሬብ የሚባለው በጠፍር የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ነበር።

«ወዴት ነው ሐጂ?» አልኩ።

«ወደ ሴቶቹ ክፍል። መድፉ የሚመጣው ከምዕራብ ነው። ሁሉንም ምሥራቅ ክፍል ብናደርጋቸው በእነሱና በመድፉ መካከል ሦስት ግድግዳ ይኖራል። አንተ የሠራኸው ግድግዳ ደግሞ…» ብለው ፈገግ አሉ። «ያዝ እስቲ፣ እማሆይ ደክመዋል።»

የአልጋውን እግር ያዝኩ። «ሐጂ፣ የወንዶቹ ክፍል አይሻልም?» አልኩ።

«ለምን?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ከዚህ ቀዝቀዝ ይላል ብዬ ነው።»

እማሆይ ዞር ብለው አዩኝ። «ታከለ፣ ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ደኅና ነኝ እማሆይ።»

አራቱን ወንዶች ተራ በተራ አሻገርን። እኔው በገዛ እጄ በዚያ ግድግዳ ሥር ደረደርኳቸው። ከሴቶቹ መካከል ከትናንት በስቲያ የወለደች ነበረች፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። «የእርስዎ እጅ ይባረክ» አለችኝ፤ «ይህ ቤት ባይኖር የት እወድቅ ነበር?» ፊቴን አዙሬ ወጣሁ። ኖራውን እዚያው በረንዳው ላይ ረሳሁት።

ቤት ስደርስ የሺ ዕቃ ትቋጥር ነበር። ጎረቤቶቻችን ወደ ገንዳ ውሃ ሊወጡ በቅሎ ጭነዋል። እስከዚያ ቀን ስለ ግድግዳው ለማንም አልተነፈስኩም። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ።

«ለሠርጋችን ብለህ ነው?» አለች።

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«እኔን አታስገባኝ ታከለ። ዓመት ጠብቂ ብትለኝ እጠብቅህ ነበር። አልጠየቅኸኝም።» ቋጠሮውን አጥብቃ አሰረችና፣ «ለሐጂ ነገርካቸው?» አለችኝ።

«አልቻልኩም።»

«እንግዲያ አሁን ሂድ።»

«ምናልባት መድፉ ላይደርስ ይችላል። ምናልባት ውጊያው ይቀር ይሆናል።»

አላከራከረችኝም። ቋጠሮዋን አንስታ ለበቅሎው ነጂ ሰጠች። ስትሄድ፣ «ገንዳ ውሃ ስትመጣ ነግረሃቸው ና። ካልነገርካቸው ግን ፊትህን እንዴት እንደማይ አላውቅም» አለችኝ። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልያዘኝም። ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። አሁን እውነቱን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ እግሬ የመራኝ ወደ ሐሊማ ቤት አይደለም። ወደ ገንዳ ውሃ መንገድ ነው። ራሴን፣ ሚስቴ ብቻዋን ናት አልኩት። ነጩን ቤት በግራዬ ትቼ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ አለፍኩ። ማሽላው ገና አልታጨደም ነበር፤ ከሰው ቁመት በላይ ነው። እርሻው መካከል ስደርስ ከሱዳን በኩል አውሮፕላን መጣ። አከታትሎ መሬቱ ተናወጠ። የማሽላው ዛላ ያለ ንፋስ ተወዛወዘ። ቀጥሎ መድፉ ጀመረ።

ግንበኛ ነኝ፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ የማስበው ስለ ሰማይ ሳይሆን ስለ መሠረት ነው። የሞላሁት ፍርስራሽ ጉድጓዱ ውስጥ ሲንሸራተት የታየኝ ያህል ሆነ። ያቺ አራስ ጀርባዋን ያስደገፈችበት ቦታ ታየኝ። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። እየሮጥኩ መሆኔን ያወቅሁት የማሽላው ቅጠል ፊቴን ሲቆርጠኝ ነው።

ውስጥ ስገባ ከኮርኒሱ አቧራ ይዘንብ ነበር። እማሆይ ዳዊታቸውን ከፍተው ጮክ ብለው ይደግማሉ፤ ሐጂ ደግሞ ጥጉ ላይ ምንጣፋቸውን አንጥፈው ገና ሰግደው መነሳታቸው ነበር። በሽተኛው ሁሉ የሁለቱን አፍ እያየ ጸጥ ብሏል።

«ሐጂ፣ ይህን ግድግዳ የያዘው ዓለት አይደለም» አልኩ።

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ጠጋ ብዬ ደገምኩት። «ያኔ አገኘሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ፍርስራሽ ነው የሞላሁበት። ይወድቃል። እናውጣቸው።»

ሐጂ ወደ ግድግዳው ሄዱ። መዳፋቸውን ነጩ ቀለም ላይ አሳረፉ። የሚቀጥለው መድፍ ሲያርፍ ግድግዳው እንደ በሽተኛ ገላ እጃቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ እኔም አየሁት።

«በየዓመቱ የምትቀባው ለዚህ ነበር?» አሉኝ።

«አዎን ሐጂ።»

«እኔ ደግሞ በየጁምዓው ዱዓ አደርግልህ ነበር።»

እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «በዚያ በኩል ያዝ» አሉኝ፤ አራሷን ከነልጇ አነሳናት። በቅስቱ አልፈን፣ መካከለኛውን ክፍል ተሻግረን፣ የምዕራቡ ክፍል ውስጥ፣ ዓለት ላይ በቆመው ግድግዳ ሥር አሳረፍናት። ተመለስን። እማሆይ ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ራሳቸው አልጋ ያዙ። መቀመጥ የቻሉት ሁለት ወንዶች በዳዴ እየሄዱ ተሻገሩ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አልቆጠርኩም። መሬቱ በተናወጠ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋ ነበር፤ ደፍኜው የነበረው የአምና ኖራ ቅርፊቱ እየተነሳ ይወድቃል።

በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ቀሩ። እማማ ዘይነብ ይባላሉ። የግድግዳውን መስኮት ጠርዝ ጨብጠው አልለቅ አሉ።

«እኔ እዚሁ ልሙት፣ ሌላውን አድኑ» አሉ።

«እማማ፣ ሌላው ሁሉ ወጥቷል። የቀሩት አንቱ ብቻ ነዎት» አሉ ሐጂ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ» ብለው ለቀቁ። ዛሬም ይህን ሳስታውስ ሳቅና እንባ ይቀላቀልብኛል።

ሐጂና እማሆይ የአሮጊቷን አልጋ እንዳነሱ ከበስተጀርባ፣ ማሽላው ውስጥ፣ አንድ መድፍ አረፈ። አቡጀዴ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የጣሪያው ዋና ማገር ከግድግዳው ለቆ ወደ ውስጥ ተንሸራተተ። ከጥግ የቆመ የሽመል ምሰሶ ነበር፤ አንስቼ ከማገሩ ሥር ወተፍኩት፤ በግራ እጄ ደግሞ ራሱን ግድግዳውን ደገፍኩት። ግድግዳ በእጅ እንደማይደገፍ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ደገፍኩት። ሦስቱ ሰዎች በቅስቱ ሲያልፉ አየሁ። ከዚያ ምሰሶው ተሰነጠቀ፤ ወደ ኋላ ዘለልኩ፤ ግማሹ ግድግዳ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ወረደ። ቆርቆሮው ከላዩ ተከመረ። አቧራው ሲጠራ በሐሊማ ቤት ውስጥ ቆሜ የማሽላውን እርሻ አየሁ። ግራ እጄን ስመለከት ሁለት ጣቶቼ አልነበሩም።

እማሆይ እጄን አጥበው አሰሩልኝ። «ሕመሙ ይሰማሃል?» አሉኝ። «አይሰማኝም» አልኳቸው። «ይሰማሃል፤ ቆይ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ መድፉ ሲመላለስ የምዕራቡ ግድግዳ ከነቅስቱ አልተነቃነቀም። አሥራ ሦስቱም በሽተኞች ከነሕፃኑ ተረፉ። ሐጂ ለሁሉም ውሃ ሰጡ፤ ለእኔም ሰጡኝ። ፊቴን ግን አላዩም።

ጋላባትን ያኔውኑ እንግሊዝ መልሶ ያዘ። ጣሊያን ደግሞ ጥር ሲያልቅ መተማን ለቆ ወደ ጭልጋ ወጣ። ሰዉ ከየበረሃው ተመለሰ። ግማሹ የፈረሰውን ቤት ሲያዩ ሴቶች አለቀሱ። «ይህን ቤት የመታ መድፈኛ እጁን ይስበረው» ተባለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መድፉ ነው ሲባል ሐጂም እማሆይም አላረሙም። እኔን ይሸሽጉኛል ብዬ አመሰገንኳቸው። በኋላ ነው የገባኝ፤ እየሸሸጉኝ ሳይሆን እየጠበቁኝ ነበር።

የካቲት ውስጥ ቤቱን መልሶ ለመሥራት ሕዝብ ተሰበሰበ። እስላሙም ክርስቲያኑም ዶማውን ይዞ መጣ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ «ይህን የጣለ ጠላት ነው፤ የምናነሳው እኛ ነን» ብለው ንግግር ጀመሩ። ከኋላ ቆሜ ነበር፤ የሺ ከጎኔ ናት። አላየችኝም፤ ክንዷ ግን ክንዴን ነካ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ይህን ግድግዳ የጣለው መድፍ አይደለም። መድፍ እዚህ አልወደቀም። የጣልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። የሠርጌን ነገር፣ የፍርስራሹን፣ በየዓመቱ የቀባሁትን ኖራ።

አልዋሻችሁም፤ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም። እናቱ በዚያ ክፍል ተኝታ የነበረች አንድ ሰው ዶማውን አንስቶ መጣብኝና ከፊቴ ቆሞ ብዙ ካየኝ በኋላ ተፍቶ ሄደ። ሌሎችም ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት መተማ ውስጥ ሥራ የሰጠኝ አልነበረም። የሺ ጠላ ጠምቃ አኖረችኝ።

ሐጂ ግን ከዘራቸውን ይዘው ወደ ፈረሰው ግድግዳ ሄዱና፣ «ና፣ ከየት ጀምሮ እንደዋሸኸኝ አሳየኝ» አሉኝ። ሦስት ጣት ባላት እጄ ዶማ ይዤ ቆፈርኩ። ፍርስራሹን አወጣሁ። ጥቁሩ አፈር ጋ ስደርስ አላቆምኩም። የቀሩት ሰዎች ቀስ በቀስ ዶማቸውን ይዘው ወረዱ። በአምስተኛው ቀን፣ ያኔ ካቆምኩበት አንድ ክንድ ከስንዝር ብቻ ዝቅ ብሎ፣ ዶማው ዓለት መታ። አንድ ክንድ ከስንዝር። የሁለት ቀን ቁፋሮ ነበር የቀረኝ።

ሐጂ በመሰላል ወረዱ። ጫማቸውን አውልቀው ዓለቱ ላይ በባዶ እግራቸው ቆሙ። ከዚያ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ፊታቸውን አዙረው ሰገዱ። ሲነሱ የመጀመሪያውን ድንጋይ እንዲያቀብሉን እማሆይን ጠሩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሙያችሁ ድንጋይ ላይሆን ይችላል። ግን ሁላችሁም ሰው የማያየው ሥራ አላችሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ በገንዳ ውሃም፣ በአብደራፊም፣ በጭልጋም ብዙ ቤት ሠርቻለሁ። ባለቤቱን ጠርቼ ጉድጓዱ ውስጥ አስወርጄ በእግሩ ሳላስረግጠው የዘጋሁት መሠረት የለም። ሰዎች «ታከለ ያበዛዋል» ይሉኛል። ያብዛው። ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ውሸቱ አይደለም፤ ምስጋናው ነው። ሰው በሠራው ክፋት ሲሰደብ ሊችለው ይችላል። በክፋቱ ሲመረቅ ግን ቀስ እያለ ውስጡ ባዶ ይሆናል። እኔ አራት ዓመት ስመረቅ ኖሬአለሁ።

ቤቱ ክረምት ሳይገባ ተጠናቀቀ። ንፋሱ ከሰዓት በኋላ እንደ ዱሮው ማንጎራጎር ጀመረ። ብዙ ዓመት ሰው ሲድንበት፣ ሲወለድበት ኖረ፤ ኋላ መንግሥት ሌላ ሐኪም ቤት ሲሠራ ባዶ ቀረ፤ ድንጋዩም በየሰዉ ቤት ገባ። አልከፋኝም። ቤት የሚኖረው የሚያስጠጋው ሰው እስካለ ነው።

ሐጂ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ሰላምታም አልነፈጉኝም፤ በዓል ሲሆን ቤቴ ይመጡ ነበር። ግን «ይቅር ብዬሃለሁ» የምትል ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም። ሊያልፉ ሰሞን ታመው ራሳቸው ባሠሩት በሐሊማ ቤት፣ በዚያ በወንዶቹ ክፍል፣ አንገሬብ ላይ ተኝተው ሳለ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ይቅር ብለውኛል?» አልኳቸው።

ዓይናቸው ኮርኒሱ ላይ ነበር።

«ቤቱ የኔ አይደለም ታከለ» አሉኝ። «የሐሊማ ነው። ይቅር የምትልህ እርሷ ናት። ስገናኛት እጠይቃታለሁ።»

«ምን ትላለች ብለው ያስባሉ?»

ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። ከመድፉ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ያ የመጀመሪያችን ነበር። «ሐሊማን አታውቃትም» አሉ፤ ፈገግ ብለው። «እርሷ ገና ድሮ ረስታዋለች። የማልረሳው እኔ ነኝ።»

በሦስተኛው ቀን አረፉ። ወደ መቃብር ስንወስዳቸው የአልጋውን አንድ እግር ተሸክሜ ነበር፤ በዚያች በሦስት ጣት እጄ። ሰዎች ላሳርፍህ ቢሉኝ እስከ መቃብሩ ድረስ አልለቀቅኩም።